ጠቅታ ወይስ ፈንጂ ተነባቢ? በክፍት ምንጭ ሥርዓት በሚካሄድ የንግግር ቀረጻ የድምፅ መቆራረጥና መዘግየት የሚመረመርበት መንገድ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በሊኑክስ ላይ በተመሠረተ ኮምፒውተርና በዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ንግግር ሲቀረጽ የሚሰሙ ጠቅታዎች ከየት እንደሚመጡና እንዴት እንደሚለዩ ያብራራል። ትኩረቱ በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በደብረ ሲናና በአካባቢዋ፣ ለሥነ ድምፅ ጥናት በሚደረግ የመስክ ቀረጻ ላይ ነው። የጽሑፉ ዋና ክርክር የሚከተለው ነው፦ ለአማርኛ ጥናት አደገኛው ጆሮ የሚሰማው ጠቅታ ሳይሆን በዝምታ መካከል ጠፍቶ ምንም ምልክት የማይተወው የድምፅ ቁራሽ ነው። ከዚህም ጋር ለሙዚቀኞች የሚሰጠው «መዘግየትን ቀንስ» የሚለው ምክር ወደ ንግግር ቀረጻ ሲዛወር ጉዳት እንደሚያስከትል ይታያል።

ቁልፍ ቃላት፦ የድምፅ ካርድ፣ ቋት፣ መዘግየት፣ መጥበቅና መላላት፣ ፈንጂ ተነባቢ፣ ክፍት ምንጭ ሥርዓት

1. የጉዳዩ መነሻ

በአማርኛ የንግግር ቴክኖሎጂ ታሪክ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ሰሎሞን ተፈራ አባተ፣ ቮልፍጋንግ ሜንዝልና ባይሩ ታፍላ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የንግግር ስብስብ ነው። የስብስቡ የማሠልጠኛ ክፍል 100 ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት ያህል ንግግር ይዟል። ሥራው የተመሠረተው በንባብ ላይ ነው፤ ንባብ ደግሞ አንድ መልካም ጎን አለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀረጽ ቢበላሽ አንባቢው እንደገና እንዲያነብ ይጠየቃል። የመስክ ተመራማሪ ይህ ዕድል የለውም። አንድ አዛውንት የሠርግ ሥርዓትን ወይም የእርሻ ልማድን ሲተርኩ በ14ኛው ደቂቃ ላይ የተናገሩትን ቃል «እባክዎ እንደገና ይበሉልኝ» ቢባሉ ቃሉን ይደግሙት ይሆናል፤ የሚገኘው ግን ያው ንግግር አይደለም። የድግግሞሽ አነጋገር ይረጋል፣ ይሰፋል፣ ቆይታውም ይለወጣል።

ደብረ ሲና ለዚህ ዓይነት ቀረጻ የምትፈለግ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከጣርማ በር ዋሻ በታች በሸንተረሩ ቁልቁለት ላይ ትገኛለች። በአንድ ወገን የመንዝን ደጋ፣ በሌላው ወገን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን ቆላ ታዋስናለች። ከአንኮበር እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው የሸንተረሩ ግርጌ ደግሞ የአርጎባ ማኅበረሰብ መንደሮች አሉ፤ ተናጋሪዎቹ እየተመናመኑ የመጡት አርጎብኛም እንደ አማርኛ ተነባቢን የሚያጠብቅና ፈንጂ ድምፆች ያሉት ቋንቋ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚቀረጽ አንድ ሰዓት ንግግር ዳግመኛ ላይገኝ ይችላል።

ለተማሪ ተመራማሪ ተደራሽ የሆነው መሣሪያ በአብዛኛው አሮጌ ላፕቶፕ፣ አነስተኛ የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ፣ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮፎንና በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። የቀረጻ ፕሮግራሞቹ አውዳሲቲና አርዶር፣ እንዲሁም በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፖል ቡርስማና ዳቪድ ዌኒንክ የሠሩት የሥነ ድምፅ መተንተኛ ፕራት፣ ሁሉም ክፍት ምንጭ ናቸው። መሣሪያው ለሥራው ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ውስጣዊ አሠራሩ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

2. ድምፅ ከማይክሮፎን እስከ ፋይል

የድምፅ ካርዱ በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲወስድ በአንድ ሚሊሰከንድ 48 ናሙና ይሰበስባል ማለት ነው። ናሙናዎቹ አንድ በአንድ ለፕሮግራሙ አይደርሱም። በማስታወሻ ውስጥ ባለ ቋት ይጠራቀማሉ፤ ቋቱ እኩል ክፋዮች አሉት፤ አንድ ክፋይ ሲሞላ ሃርድዌሩ ማቋረጫ ምልክት ይልካል፣ ከርነሉም ፕሮግራሙን ቀስቅሶ «ና አንብብ» ይለዋል። ቋቱ ክብ ነው፤ መጨረሻው ሲሞላ ወደ መጀመሪያው ይዞራል። ፕሮግራሙ በወቅቱ ካልደረሰ አዲሱ ናሙና ያልተነበበውን ይደርስበታል። ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ ሰው ገንዳውን ሳያጋባ ሲቀር ውኃው እንደሚፈስስ ማለት ነው።

በሊኑክስ ይህን ዝቅተኛ ደረጃ የሚያስተዳድረው አልሳ የተባለው የከርነሉ ክፍል ነው። በላዩ የሚቀመጡት አገልጋዮች ግን ተፈራርቀዋል፦ ፖል ዴቪስ ለሙዚቃ ባለሙያዎች የጀመረው ጃክ፣ ሌናርት ፖተሪንግ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሠራው ፐልስኦዲዮ፣ በመጨረሻም ዊም ታይማንስ የሁለቱን ሥራ በአንድ እንዲይዝ ያዘጋጀው ፓይፕዋየር። ፓይፕዋየር በ2021 እ.ኤ.አ. በፌዶራ 34፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኡቡንቱ 22.10 መደበኛ የድምፅ አገልጋይ ሆኗል። ይህ ለመስክ ተመራማሪ ትርጉም አለው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጻፈ መመሪያ ዛሬ በኮምፒውተሩ ላይ ለሌለ አገልጋይ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

በአልሳ ደረጃ ቋቱ ሲሞላ ቀረጻው ይቆማል፤ ፕሮግራሙ መስመሩን እንደገና አዘጋጅቶ መጀመር ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ በቋቱ ውስጥ ያልተነበበው ይጣላል፣ እስኪጀመር ድረስ የተነገረውም አብሮ ይቀራል። በፋይሉ ላይ ግን የመቆሙ ምልክት ላይኖር ይችላል። ከጉድለቱ በፊትና በኋላ ያሉት ናሙናዎች ጎን ለጎን ይሰፋሉ። ሞገዱ በስፌቱ ላይ ከአንድ ከፍታ ወደ ሌላ ድንገት ሲዘል ጆሮ «ጠቅ» ብሎ ይሰማዋል። የጠቅታው ጉልበት የሚወሰነው በጠፋው ድምፅ ርዝመት ሳይሆን ሁለቱ ጫፎች በተገናኙበት ከፍታ ልዩነት ነው። ለተመራማሪ ዋናው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ትልቅ ጉድለት ትንሽ ጠቅታ ሊኖረው፣ ጨርሶም ላይሰማ ይችላል።

3. አማርኛ ላይ ሲደርስ

ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ፈንጂ ተነባቢዎች ናቸው። እንደ ጠ እና ቀ ባሉት እግዶች አየሩ በአፍ ውስጥ ይታገዳል፣ ማንቁርት ተዘግቶ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከዚያም እገዳው በኃይል ይለቀቃል። በስፔክትሮግራም ላይ የሚታየው በመጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ ሰፊ የድግግሞሽ ክልል የሚሸፍን አጭር ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀጥሎም አናባቢው እስኪጀምር ሌላ አጭር ዝምታ ነው። የስፌት ጠቅታም ሰፊ ክልል የሚሸፍን ቀጥ ያለ መስመር ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ላይ ላዩን ብቻ አይደለም፤ የፍንዳታ ነጥብን በራሱ የሚፈልግ ፕሮግራም በቀላሉ ይሳሳታል።

በዓይን ለመለየት ግን አያዳግትም። ጠቅታ በአናባቢ መካከል ከወደቀ በፊቱ እገዳ የለም፤ ሞገዱ በሙሉ ጉልበቱ እየሄደ ሳለ ተቆርጦ ወዲያው በሙሉ ጉልበቱ ይቀጥላል። ማጉያውን እስከ ነጠላ ናሙና ድረስ ብንወስደው ዝላዩ በሁለት ተከታታይ ናሙናዎች መካከል ይገኛል። የሰው አፍ እንዲህ ያለ ዝላይ አይሠራም፤ ፍንዳታ ምንም ቢፈጥን በርካታ ናሙናዎችን ይወስዳል።

አስቸጋሪው ጉድለቱ በዝምታው ውስጥ ሲወድቅ ነው። «ይሰጣል» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ላልቶ ሲነበብ ሰጪውን ይናገራል፤ ሰ እና ጠ ሲጠብቁ ደግሞ የሚሰጠውን ነገር ይናገራል። «ይመታል»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ መቺው፣ ሲጠብቅ ተመቺው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፍም፣ ጆሮ ግን ይለየዋል፤ ከሚለይባቸው መንገዶች ዋናው የተነባቢው ቆይታ ነው። በእግድ ተነባቢ ቆይታ ማለት በብዛት የእገዳው ዝምታ ማለት ነው። 1,024 ናሙና የሚይዝ አንድ ክፋይ በ48,000 ፍጥነት 21.3 ሚሊሰከንድ ነው። ይህ ቁራሽ ከጠበቀው ጠ ዝምታ መካከል ቢጎድል ሁለቱም ጫፎች ዜሮ አካባቢ ስለሆኑ ዝላይ አይኖርም፤ ጠቅታ አይሰማም፤ ስፔክትሮግራሙም ንጹሕ ነው። የተለወጠው ልኩ ብቻ ነው። መጥበቅና መላላት በአሥር ሚሊሰከንዶች በሚቆጠር ልዩነት በሚለካበት ጥናት ውስጥ እንዲህ ያለ ልክ ገብቶ ከሌሎቹ ጋር አማካይ ይወጣለታል።

ከዚህ በመነሣት ጠቅታን በጆሮ ፈልጎ ማስተካከል፣ ከዚያም በማለስለሻ መሣሪያ ማጥፋት፣ ለሙዚቃ አርታኢ የሚበቃውን ያህል ለሥነ ድምፅ ተመራማሪ አይበቃም። እንዲያውም ማለስለሱ የጉድለቱን ብቸኛ ምስክር ያጠፋል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አመለካከት ለቆይታ ጥናት በተቀረጸ ፋይል ላይ ጠቅታ ማጥፊያ ጨርሶ መጠቀም አይገባም።

4. የመዘግየት ምክር ከየት መጣ፣ ለማንስ ነው?

ስለ ሊኑክስ የድምፅ ሥራ የተጻፈው አብዛኛው መመሪያ ለሙዚቀኛ የተጻፈ ነው። መሰንቆ ወይም ክራር የሚጫወት ሰው የራሱን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል አልፎ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ መዘግየቱ ከፍ ካለ እጁ ይሰናከላል። ስለዚህ ክፋዩን ወደ 64 ናሙና (1.3 ሚሊሰከንድ) ወይም 256 ናሙና (5.3 ሚሊሰከንድ) ያወርደዋል። ለማነጻጸር፣ ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ 5.3 ሚሊሰከንድ ከመሣሪያው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ እንደ መቆም ነው። ክፋዩ ሲያንስ ግን ፕሮግራሙ ለመድረስ ያለው ጊዜም በዚያው ልክ ያንሳል። አንድ የገመድ አልባ መረብ ድራይቨር ወይም የሥርዓት ማዘመኛ ለአፍታ ከርነሉን ቢይዘው ቋቱ ይሞላል።

ንግግር የሚቀርጽ ተመራማሪ በኮምፒውተሩ በኩል ማንንም አያሰማም። ተናጋሪው የጆሮ ማዳመጫ የለውም። ቀራጩ ድምፁን መከታተል ቢፈልግ አብዛኞቹ የዩኤስቢ ካርዶች ከማይክሮፎኑ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚያሳልፉበት መንገድ አላቸው፤ ይህ መንገድ ኮምፒውተሩን አይነካም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ መዘግየት ዋጋ የለውም፤ ግማሽ ሰከንድ ቢሆንም ፋይሉ ያው ነው። ክፋዩን 2,048 ናሙና፣ ማለትም 42.7 ሚሊሰከንድ፣ የክፋዮቹንም ቁጥር 3 ማድረግ ፕሮግራሙ ከተቀሰቀሰ በኋላ 85 ሚሊሰከንድ ያህል ቢዘገይ እንኳ እንዲታገሥ ያደርገዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለ፦ ቋቱ ሲተልቅ መቆራረጡ እጅግ ይቀንሳል፣ ከተከሠተ ግን የሚጠፋው ቁራሽ ይረዝማል። ይህም ቢሆን ይመረጣል፤ ረዥም ጉድለት ቃልን ስለሚቆርጥ ይታያል፣ አጭሩ ግን ልክን አዛብቶ ይሸሸጋል።

ለቅጽበታዊ ምላሽ የሚሆነው የከርነሉ ማሻሻያ በ2024 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር በወጣው ሊኑክስ 6.12 ወደ ዋናው ከርነል መግባቱ ለሙዚቀኞችና ለኢንዱስትሪ ቁጥጥር ትልቅ እርምጃ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ያንን ከርነል ለማግኘት የተረጋጋ ሥርዓትን ማናጋት አያስፈልግም። መዘግየት በእርግጥ የሚያስፈልግበት ሌላ የጥናት ዓይነት አለ፤ አድማጭ ድምፅ ሰምቶ አዝራር የሚጫንበትና የምላሽ ጊዜው የሚለካበት ሙከራ። እዚያም ቢሆን ከአነስተኛነቱ ይልቅ የማይለዋወጥ መሆኑ ይበልጣል፤ ቋሚ መዘግየት ይቀነሳል፣ ተለዋዋጩ አይቀነስም።

5. ምርመራው

የመጀመሪያው ጥያቄ ጠቅታው በፋይሉ ውስጥ ነው ወይስ በማጫወቻው የሚል ነው። ያንኑ ስፍራ ሦስት ጊዜ ማጫወት ይበቃል። ጠቅታው ቦታውን ከለወጠ የተቆራረጠው ማጫወቱ ነው፤ ፋይሉ ደኅና ነው። በቦታው ከጸና ወደ ሞገዱ መቅረብ ይገባል። የሞገዱ ጫፎች እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ከሆኑ መቆራረጥ ሳይሆን የግቤቱ መጠን ከልክ ማለፉ ነው፤ የፈንጂ ተነባቢ ፍንዳታ ማይክሮፎን በቀረበ ጊዜ ይህን ያደርጋል። በቀረጻው መጀመሪያ ወይም ከረዥም ዕረፍት በኋላ ብቻ የሚሰማ አንድ «ጷ» ደግሞ በላፕቶፑ ውስጥ ያለው የድምፅ ቺፕ ኃይል ለመቆጠብ ተኝቶ ሲነቃ የሚያሰማው ነው፤ የቺፑን ድራይቨር ኃይል ቆጣቢነት በማጥፋት ይወገዳል። የማያቋርጥ ዝቅተኛ እምምታ በ50 ሄርዝና በብዜቶቹ ላይ ከታየ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፤ የአገራችን ኃይል በ220 ቮልትና በ50 ሄርዝ ይሠራልና። በደብረ ሲና ሌላም አለ፦ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች። የእነርሱ ጉርምርምታ ግን እየገፋ መጥቶ እየራቀ ስለሚሄድ ከማንም ጋር አይምታታም።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሆነና በነጠላ ናሙና ላይ የሚዘል ጠቅታ ሲገኝ የቋት መሞላት ይጠረጠራል። ሥርዓቱ ራሱ ይናገራል። ፒደብሊው-ቶፕ የተባለው የፓይፕዋየር መከታተያ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የስሕተት ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ በቀረጻ መካከል ከጨመረ ነገሩ ታወቀ። አርዶር መቆራረጥ በተፈጠረበት ቦታ ምልክት እንዲያስቀምጥ፣ ካስፈለገም ቀረጻውን እንዲያቆም ሊታዘዝ ይችላል። አውዳሲቲም የጠፉ ቁራሾችን አውቆ በስያሜ መስመር ላይ የሚጽፍበት ምርጫ አለው። እነዚህ ምርጫዎች ከቀረጻው በፊት መከፈታቸው መረጋገጥ አለበት። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የማያየው ጉድለትም አለ፤ ለምሳሌ በላላ የዩኤስቢ ገመድ የሚጠፋ። ለዚህ ከኮምፒውተሩ ውጭ ምስክር ያስፈልጋል።

ምስክሩ በባትሪ የሚሠራ ማንኛውም የእጅ መቅጃ ሊሆን ይችላል። ከማይክሮፎኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ በቀረጻው መጀመሪያ፣ በመጨረሻውና ተናጋሪው ዕረፍት በሚያደርግበት ጊዜ፣ ቢቻል በየአምስት ደቂቃው፣ አንድ ጭብጨባ ይደረጋል። ከዚያ በሁለቱ ፋይሎች በጭብጨባዎች መካከል ያለው ርዝመት ይነጻጸራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። የሁለት መሣሪያዎች ክሪስታል ሰዓት ፈጽሞ እኩል አይሄድም። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ቢሆን በአምስት ደቂቃ 15 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ከእጅ መቅጃው በዚህ መጠን የሚረዝም ነው ብለን ብናስብና በሦስተኛው አምስት ደቂቃ 1,024 ናሙና ቢጠፋ፣ የአራቱ ክፍሎች ልዩነት በሚሊሰከንድ ሲደመር 15፣ ሲደመር 15፣ ሲቀነስ 6፣ ሲደመር 15 ይመጣል። ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው 39 ሚሊሰከንድ ያገኛል፤ ይህም የሰዓት ልዩነት ነው ብሎ ያልፈዋል። የሰዓት ልዩነት በእኩል እርምጃ ያድጋል፣ ጉድለት ግን በአንድ ስፍራ ደረጃ ይሠራል። ስለዚህ የመካከለኞቹ ጭብጨባዎች እንጂ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ አይበቁም። ሁለቱ መሣሪያዎች በቀረጻ መካከል ከቦታቸው መነሣት የለባቸውም፤ አንድ ሜትር መራቅ 3 ሚሊሰከንድ ይጨምራልና።

6. መንሥኤውን ማስወገድ

ትልቅ ቋት ተመርጦም መቆራረጡ ከቀጠለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማከማቻው ነው። ባለ 24 ቢት ሁለት መስመር ቀረጻ በ48,000 ፍጥነት በሰከንድ 288,000 ባይት፣ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይጽፋል። ይህ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ርካሽ ፍላሽ ዲስክ ጽሑፉን ለረዥም አፍታ የሚያግድበት ጊዜ አለ። በውስጠኛው ዲስክ ቀርጾ ኋላ መቅዳት ይሻላል። ሁለተኛው የዩኤስቢ መስመሩ ነው። ካርዱ የሚጠይቀው 2.3 ሜጋቢት በሰከንድ ስለሆነ የመስመር ጥበት አይደለም ችግሩ፤ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ማከፋፈያ መጋራቱ፣ የገመዱ መላላትና ዩኤስቢው ኃይል ለመቆጠብ እንዲተኛ መደረጉ ነው። ካርዱ ለብቻው በላፕቶፑ ቀዳዳ ይሰካ።

ሦስተኛው ፕሮግራሙ ቅድሚያ የማግኘት መብት የሌለው መሆኑ ነው። ተጠቃሚው በድምፅ ቡድን ውስጥ መመዝገቡ፣ ቡድኑም የቅጽበታዊ ቅድሚያና ማስታወሻን የመቆለፍ ፈቃድ ማግኘቱ ይታይ፤ ኡቡንቱ ስቱዲዮን በመሳሰሉ ለድምፅ በተዘጋጁ ሥርዓቶች ይህ አስቀድሞ የተስተካከለ ነው። ማስታወሻው ካልተቆለፈና ራሙ ጠባብ ከሆነ ሥርዓቱ የቀረጻውን ፕሮግራም ከፊል ወደ ዲስክ ያወጣዋል፤ ሲመልሰው ቋቱ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ገመድ አልባ መረቡን ማጥፋትና አሳሹን መዝጋት ከዚህ ሁሉ የቀለለ መድኃኒት ነው።

የኃይል ምንጩ ጉዳይ ትንሽ ይጠላለፋል። በባትሪ መቅረጽ የ50 ሄርዙን እምምታ ያጠፋል፤ በመስክም የተለመደው ምክር ይህ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከመስመር ሲነቀል የአንጎለ ኮምፒውተሩን ፍጥነት ሊያወርድ ይችላል። መብራት በቀረጻ መካከል ቢጠፋ ይህ ለውጥ ሳይታሰብ ይመጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቻርጀሩን ነቅሎ፣ የኃይል አጠቃቀሙን በከፍተኛ አፈጻጸም ላይ አጽንቶ መጀመር የተሻለ ነው፤ ሁለቱም ጥቅም ይገኛል፣ የሚከፈለው የባትሪ ዕድሜ ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ ተደርገው የቀረውን ለማወቅ ሳይክሊክቴስት የተባለው መለኪያ ይረዳል። ከርነሉ አንድን ሥራ ከቀጠሮው ምን ያህል አዘግይቶ እንደሚቀሰቅስ በማይክሮሰከንድ ይናገራል። ከአማካዩ ይልቅ ከፍተኛው ቁጥር ይታይ፤ ልኬቱም ኮምፒውተሩ በዲስክ ላይ እየጻፈ ሳለ ይደረግ። ከፍተኛው ከ42,700 ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም ከአንዱ ክፋይ፣ በእጅጉ ካነሰ ጥፋቱ ከከርነሉ ቀጠሮ አይደለም፤ ገመዱንና ካርዱን መለወጥ ይቀላል።

ጉድለት ያለበት ፋይል አይጣልም። ለቃላትና ለሰዋስው ጥናት ዋጋው ሙሉ ነው። ከፋይሉ ጋር በሚቀመጠው መግለጫ የክፋዩ መጠን፣ የክፋዮቹ ቁጥር፣ የከርነሉና የአገልጋዩ ስሪት፣ ጉድለቱ በየትኞቹ ሁለት ጭብጨባዎች መካከል እንደወደቀና ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነ ይጻፍ። ቦታው በትክክል ካልተገኘ በእነዚያ ሁለት ጭብጨባዎች መካከል ያሉት እግድ ተነባቢዎች በሙሉ ከቆይታ ልኬቱ ይወጣሉ፤ አናባቢዎቹ ግን በሞገዳቸው ላይ ስፌት አለመኖሩ በዓይን ከተረጋገጠ ሊቀሩ ይችላሉ።